ቡናማ ሽፋን ሁሉ ሪሳይክል አይደለም

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን ከአዳማና ከአካባቢዋ የደረሱን ጥያቄዎች አንድ ነገር ላይ ተጠራቅመዋል። ደብተር ላይ። ያውም ተራው የተማሪ ደብተር ሳይሆን ካገለገለ ወረቀት ተመልሶ የተሠራ፣ ሐሳብ የሚሰፍርበት፣ የቀን ውሎ የሚጻፍበት። ምን እንደነካችሁ አላውቅም። ምናልባት የዘመን መለወጫ መቃረቡ ይሆናል፣ መስከረም ሊጠባ ሲል "ዘንድሮስ ማስታወሻ እይዛለሁ" የማይል ሰው የለም። ጥቅምትን የሚሻገረው ስንቱ እንደሆነ እሱን ተዉት። ወደ ጥያቄዎቹ እንሂድ።

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ። ፍራንኮ አካባቢ የምኖር አስተማሪ ነኝ። ስቴሽነሪ ገብቼ ሽፋኑ ቡናማ የሆነ፣ በክር የሚታሰር፣ በጣም የሚያምር ደብተር አየሁ። ሻጩ "ሪሳይክል ነው፣ የተወደደውም ለዚያ ነው" አለኝ። እውነት መሆኑን በምን አውቃለሁ? ደግሞስ ካገለገለ ወረቀት ከተሠራ መርከስ አልነበረበትም?

መልስ፦ እህቴ፣ ሻጩ ዋሽቶሻል አልልም። እሱም የሚያውቀው ሽፋኑን ብቻ ሳይሆን አይቀርም። ግን ቡናማ ቀለም ምንም አያረጋግጥም። ያ ወረቀት ክራፍት የሚባለው ነው፣ የሲሚንቶ ከረጢት የሚሠራበት። ቡናማ የሆነው ስላልነጣ እንጂ ስላገለገለ አይደለም። አዲስ ከተቆረጠ ዛፍ በቀጥታ ሊሠራ ይችላል። በተቃራኒው ደግሞ ወተት የመሰለ ነጭ ሆኖ መቶ በመቶ ካገለገለ ወረቀት የተሠራ አለ። ቀለሙን አይቶ መፍረድ አይቻልም ማለት ነው። ክሩም፣ በላዩ የታተመው የቅጠል ሥዕልም እንደዚያው ጌጥ ነው።

ስለዚህ ገልብጪውና ጀርባውን አንብቢ። ሦስት ቀስቶች እየተከታተሉ የሚዞሩበትን ምልክት ሳታይው አትቀሪም። በ1970 እ.ኤ.አ. አንድ አሜሪካዊ ተማሪ ለውድድር ስሎት ያሸነፈበት ነው፣ ዛሬ ከውሃ ጠርሙስ እስከ ካርቶን ሁሉም ላይ ይለጠፋል። ችግሩ ብቻውን ሲቆም "ይህ ዕቃ ተመልሶ ሊሠራ ይችላል" ለማለት ብቻ ሊሆን ይችላል። ሊሠራ መቻልና ተመልሶ የተሠራ መሆን ደግሞ ለየቅል ናቸው። መሐሉ ላይ ወይም አጠገቡ የመቶኛ ቁጥር ካለ ግን ቁምነገር አለው፣ ያን ያህሉ ካገለገለ ወረቀት መጥቷል ማለት ነው።

ሌላው ኤፍኤስሲ የሚለው ምልክት ነው፣ ደን በአግባቡ መያዙን የሚመሰክር ዓለም አቀፍ ድርጅት ምልክት፣ ዛፍ የተሳለበት። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሸወዳል። ሦስት ዓይነት ነው ያለው። "ሪሳይክልድ" የሚለው በሙሉ ካገለገለ ወረቀት የተሠራውን ነው። "ሚክስ" የሚለው ቅልቅል ነው። "100%" የሚለውን አይተሽ ግን "በቃ መቶ በመቶ ሪሳይክል ነው" እንዳትዪ፤ መቶ በመቶ በአግባቡ ከሚጠበቅ ደን የመጣ አዲስ እንጨት ነው ማለቱ ነው። መጥፎ ነገር አይደለም፣ አንቺ የፈለግሽው ግን እሱን አይደለም።

ዝርዝር ከተጻፈበት ደግሞ ያገለገለው ወረቀት ከየት እንደመጣ እዪ። ሰው ተጠቅሞበት ከጣለው ነው ወይስ ከፋብሪካና ከማተሚያ ቤት ከተረፈ ቁራጭ? ሁለቱም ሪሳይክል ይባላሉ። ለእኔ ዋጋ ያለው የመጀመሪያው ነው። ቁራጩማ ድሮም አይጣልም፣ ንጹሕ ስለሆነ ፋብሪካው ራሱ መልሶ ይፈጨዋል።

ስለ ዋጋው ያነሳሽው ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ያገለገለ ወረቀት እንደ ጥሬ ዕቃ ርካሽ ይመስላል። ሥራውን ስታዪው ግን ሌላ ነው። መጀመሪያ መሰብሰብ አለበት፣ ከዚያ መለየት፤ ነጭ የቢሮ ወረቀት ከጋዜጣና ከካርቶን ጋር ከተደባለቀ ለመጻፊያ የሚሆን ወረቀት አይወጣውም። የተለየው ትልቅ በርሜል ውስጥ በውሃ ይበጠበጣል። ስቴፕሉ፣ ሙጫው፣ ፕላስቲኩ በወንፊት ይያዛል። ቀጥሎ የሚመጣው ቀለም ማስለቀቅ ነው፣ እሱ ደስ ይላል። እንደ ሙቅ የቀጠነው ብጥብጥ ውስጥ ሳሙና መሰል ነገር ይጨመርና ከሥር አየር ይነፋበታል። የድሮው ጽሑፍ ቀለም ከአየሩ አረፋ ጋር ተጣብቆ ወደ ላይ ይወጣል፣ ጥቁር አረፋው ከላይ ይገፈፋል፣ ነጩ ከሥር ይቀራል። ሙሉ በሙሉ አይጠራም። ሪሳይክል ወረቀት ላይ አንዳንዴ የምታዪያት ጥቃቅን ነጠብጣብ የቀድሞው ጽሑፍ ትራፊ ልትሆን ትችላለች። እኔ እወዳታለሁ፣ አንዳንድ ፋብሪካ ግን ሆን ብሎ ለማሳመር ነጠብጣብ ይጨምራል፣ ስለዚህ እሷንም ማስረጃ አታድርጊያት።

በዚህ ላይ ከውጭ የገባ ከሆነ የመርከቡም የቀረጡም አለ። ዋጋውን የሚሰቅለው ይህ ሁሉ ነው፣ ከፊሉ ደግሞ ያ ክር።

የእኔ ምክር? ጀርባው ላይ መቶኛም ምልክትም ከሌለው የሪሳይክል ዋጋ አትክፈዪ። ካለው፣ ወረቀቱም ከእስክሪብቶሽ ጋር ከተስማማ፣ ዓይንሽን ጨፍነሽ ግዢው። ከዚያ በፊት ግን ቤትሽን ፈትሺ። አስተማሪ ቤት ሦስት ገጽ ብቻ የተጻፈበት ከስብሰባና ከሥልጠና የመጣ አጀንዳ አይጠፋም።

ጥያቄ፦ የባንክ ሠራተኛ ነኝ፣ አዳማ። በስጦታ ያገኘሁት ሪሳይክል ደብተር ላይ በጄል እስክሪብቶ ስጽፍ ቀለሙ ይንዘላዘላል፣ ከጀርባውም ይወጣል። ስህተቱ የእስክሪብቶው ነው የወረቀቱ?

መልስ፦ ሁለቱም ለየብቻቸው ደህና ናቸው፣ አብረው ነው የማይሆኑት። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል፣ የወረቀትን ጉድ ደግሞ የሚያወጣው ቀለም ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ወረቀት የተጠላለፈ ጭረት ነው፣ እንደ ክር የቀጠነ የእንጨት ቃጫ ማለት ነው። በተበጠበጠ ቁጥር ጭረቱ ያጥራል፣ አምስት ወይም ሰባት ጊዜ ከተመላለሰ በኋላ ወረቀት መሆን ያቅተዋል። ሪሳይክል ወረቀት የሚሠራው ከእነዚህ ያጠሩ ጭረቶች ስለሆነ ላላ ይላል፣ ውሃም ቶሎ ይጠጣል። ጥሩ ፋብሪካ ይህን ለማካካስ ስታርችና ሌላ ውሃ የሚገፋ ነገር ይቀባዋል። ቸኩሎ የሠራው ደግሞ ይተወዋል ወይም ይቆጥበዋል። ያንተ ደብተር የቆጠቡበት ይመስለኛል።

ጄልም ሆነ በቀለም የሚሞላ ብዕር ቀለማቸው በውሃ የተበጠበጠ ነው፣ ወረቀቱ ሲጠጣው አብሮ ይሄዳል። ተራው እስክሪብቶ፣ ያ ባለ ኳሱ፣ ቀለሙ በዘይት የተሠራ ወፍራም ስለሆነ ላይ ላዩን ይቀመጣል። ስለዚህ ያንን ደብተር መጣል አያስፈልግህም። በተራ እስክሪብቶ ወይም በእርሳስ ጻፍበት። እንዲያውም እርሳስ ሪሳይክል ወረቀት ላይ ትንሽ ሻካራነት ስለሚያገኝ ደስ የሚል ጥቁረት ይሰጣል።

በአማርኛ የምንጽፍ ሰዎች ደግሞ በዚህ ነገር የባሰ እንጎዳለን። ፊደሎቻችን የሚለያዩት በትንንሽ ቅጥያ ነው። "ሊ" እግሯ ላይ ሰረዝ አላት፣ "ሌ" እዚያው ቦታ ላይ ቀለበት። ቀለም የሚዘረጋ ወረቀት ላይ ያቺ ቀለበት ትሞላና "ሌ" "ሊ" ሆና ታርፋለች። "ሜ" ም፣ "ቤ" ም እንደዚያው። ከሦስት ወር በኋላ የራስህን ጽሑፍ ራስህ እየገመትክ ታነበዋለህ። ላቲን የሚጽፈው ሰው ይህ ራስ ምታት የለበትም።

ስለዚህ ሱቅ ስትሄድ የራስህን እስክሪብቶ ይዘህ ሂድ። ባለ ሱቁን አስፈቅደህ የመጨረሻው ገጽ ጥግ ላይ "ሌ ሜ ቤ ቴ" ብለህ ጻፍ። የምትጽፍበትን መጠን ጻፍ፣ አታተልቀው። አንድ ነጥብ ላይ ደግሞ እስክሪብቶውን ትንሽ አቆየው። ከዚያ እየተጨዋወትክ ቀለሙ ይድረቅ። ቀለበቶቹ ባዶ ከሆኑ፣ ነጥቧም ከጀርባ ካልወጣች አለፈ። ካልፈቀደልህ ጣትህን በምራቅ ነካ አድርገህ ጥጉ ላይ መጫን ነበር፣ ቶሎ ከጠጣው ቀለምህንም ይጠጣል። ግን ባለ ሱቁ ካየህ እኔ አልመከርኩህም።

ግራሙንም ጠይቅ። የፎቶ ኮፒ ወረቀት ብዙውን ጊዜ 80 ግራም ነው፣ አንድ ካሬ ሜትሩ 80 ግራም ይመዝናል ማለት ነው። አንዷ ኤ ፎር ሲካፈል 5 ግራም ትሆናለች። የተማሪ ደብተር ከዚያ ይሳሳል። ለተራ እስክሪብቶ 70 ይበቃል። ለጄል ሪሳይክል ከሆነ ከ80 በታች አትውረድ፣ ቀለም ለሚሞላ ብዕር 90 ወይም 100 ፈልግ። ግራም ብቻውን ግን አያድንም፣ ስታርቹ ከሌለ ወፍራሙም ይጠጣል። ለዚህ ነው ሙከራው ከጽሑፉ የሚበልጠው።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ጡረተኛ ነኝ። ያለፍኩበትን ለልጅ ልጆቼ ጽፌ ላስቀምጥ አስቤያለሁ። ልጄ ሪሳይክል ደብተር ገዝታ አመጣችልኝ። እንደ ጋዜጣ ቢጫ ሆኖ አይበጣጠስብኝም?

መልስ፦ አባቴ፣ ስጋትዎ ቦታው ላይ ነው። ጋዜጣ ቢጫ የሚሆነው እንጨቱ ሲፈጭ ሊግኒን የሚባለው ነገር ውስጡ ስለሚቀር ነው። ብርሃንና አየር ሲያገኘው ይጠቁራል። ነጭ የቢሮ ወረቀት ላይ ይህ ነገር ተወግዷል፣ ስለዚህ ደብተርዎ ከቢሮ ወረቀት የተመለሰ ከሆነ ብዙ አያሰጋም። ከጋዜጣ የተመለሰ ከሆነ ግን ለልጅ ልጅ አይሆንም። የገበያ ሒሳብ ይጻፉበት።

እንዴት ይለያሉ? "አሲድ ፍሪ" የሚል ካለው ደህና ነው። ክብ ውስጥ የተጋደመ 8 የመሰለ ምልክት ካለው ደግሞ ለረጅም ዘመን ታስቦ የተሠራ ወረቀት ነው፣ ከዚያ የተሻለ አያገኙም። ምንም ካልተጻፈበት አንድ ገጽ ቀደው ግማሹን መጽሐፍ ውስጥ ይክተቱ፣ ግማሹን መስኮት ላይ ፀሐይ የሚያገኘው ቦታ ያስቀምጡ። የአዳማ ፀሐይ መቼም አይሰንፍም፣ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ይነግርዎታል። ሁለቱን ጎን ለጎን ሲያስተያዩ ልዩነቱ በግልጽ ከታየ ለሌላ ሥራ ያውሉት።

አንድ ነገር ግን ከወረቀቱ እኩል ይመልከቱ፣ ጥረዛውን። ደብተሩን ከላይ በኩል ሲያዩት ጀርባው ላይ ትንንሽ የታጠፉ ጥቅሎች ከታዩና መሐላቸው ሲከፈት ክር ካለ፣ ተሰፍቷል ማለት ነው። ይህ ይቆያል፣ ሲከፍቱትም ጠረጴዛ ላይ ዝርግት ብሎ ስለሚተኛ እጅ አያደክምም። ቅጠሉ አንድ በአንድ በሙጫ ብቻ ከተያዘ ግን ሙቀት ይፈታዋል። ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጥ ከረሱት ደግሞ ቅጠሎቹን እየለቀሙ ነው የሚያገኙት። ለጽሑፉ እርሳስ ይያዙ ወይም "ፒግመንት" የሚል የተጻፈበት እስክሪብቶ፤ እርሳስ አይደበዝዝም፣ ብዙው ተራ እስክሪብቶ ግን ብርሃን ካገኘው ይደበዝዛል። ሲጨርሱ ከግድግዳና ከወለል ራቅ አድርገው ያስቀምጡት፣ ምስጥ ሪሳይክልና አዲስ አይለይም። ደግሞ ይጀምሩት አባቴ፣ ደብተር ሲመረጥ ወራት እንዳያልፍ።

ጥያቄ፦ ወንጂ ነው የምኖረው። "ከሸንኮራ አገዳ የተሠራ ወረቀት" የሚል ደብተር አየሁ። ይሄም ሪሳይክል ነው?

መልስ፦ አይደለም። ሸንኮራው ተጨምቆ ስኳሩ ከወጣ በኋላ የሚቀረው ገለባ፣ ባጋስ የሚሉት፣ ጭረት ስላለው ወረቀት ይሆናል። ስኳር ፋብሪካዎች ብዙውን ጊዜ የሚያነዱት ለቦይለር ነው። ወረቀት ሲሆን ዛፍ አልተቆረጠበትም፣ ግን ከዚህ በፊት ወረቀት ሆኖም አያውቅም። ስኳር ፋብሪካም ወረቀት ፋብሪካም የተተከለባት ከተማ ልጅ ሆነህ ይህን መጠየቅህ ደስ ብሎኛል። አጻጻፉ ለስላሳ ነው፣ ከወደድከው ግዛው፣ "ሪሳይክል" ብሎ የሚያስወድድብህን ግን እንቢ በል።

ጥያቄ፦ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። ግጥም እሞካክራለሁ። የሚያምሩት ደብተሮች ከኪሴ በላይ ናቸው። ምን ትመክሩኛላችሁ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ አንተ ከሁሉም የተሻለውን ልታገኝ ነው። ወረቀት ተበጥብጦ እንደገና ከሚሠራ ባዶ ጀርባው ቢጻፍበት ይሻላል፤ ውሃ የለው፣ መብራት የለው። ግቢ ውስጥ በአንድ በኩል ብቻ የታተመ ወረቀት ሞልቷል። የተሰረዘ አሳይመንት፣ የተበላሸ ፕሪንት፣ ያለፈበት ማስታወቂያ። የሰው ስምና ውጤት ያለበትን፣ የሕክምናና የባንክ ወረቀትን ግን አትንካ።

ሃምሳ ያህል ቅጠል ሰብስብ። ስቴፕሉን አንድም ሳታስቀር ንቀል፣ ካልነቀልክ የፎቶ ኮፒ ቤቱ ልጅ መቁረጫው ሲበላሽበት አይለቅህም። መሐል ለመሐል አስቆርጠው፣ ከሃምሳው ኤ ፎር መቶ ቅጠል ኤ ፋይቭ ይወጣሃል፣ ጃኬት ኪስ ባይገባም ቦርሳ ውስጥ ቦታ አይፈጅም። የታተመበት ገጽ ሁሉ በአንድ በኩል እንዲሆን ደርድረው። ለሽፋን የጫማ ካርቶን ወይም ያለፈ ዓመት የግድግዳ ካላንደር ቆርጠህ አምጣ። ከዚያ ስፓይራል አስገባልኝ በለው። የምትከፍለው የስፓይራሉን ነው። በቃ።

በሌዘር ፕሪንተር የታተመው ጀርባው ንጹሕ ነው። ፈሳሽ ቀለም በሚረጨው ፕሪንተር (ኢንክጄት) የታተመው ግን ወደ ኋላ ሊያሳይ ስለሚችል ብርሃን ላይ አንስተህ ለይ። ለግጥም እንዲያውም ከተገዛው ይሻላል እላለሁ፤ ውድ ደብተር ፊት ሰው ይሽቆጠቆጣል፣ የማይረባ ስንኝ ለመጻፍ ይፈራል። የተሰረዘ አሳይመንት ጀርባ ላይ ማን ያፍራል?

ጥያቄ፦ ባለ ቀን አጀንዳ ልግዛ ወይስ ባዶውን? መስመሩስ?

መልስ፦ ባዶውን። ቀን የታተመባቸው ብዙዎቹ ከጃንዋሪ ነው የሚጀምሩት። በመስከረም ብትጀምሪ የኋላውን ሁሉ ባዶ ትተሽ ነው፣ ጳጉሜንም ቦታ የላትም። ሪሳይክል ገዝቶ ሁለት ሦስተኛውን ባዶ መተው ደግሞ ከእጅ አይሻል ዶማ ነው። ቀኑን ራስሽ ጻፊ። የአንድ ቀን ውሎ አራት ገጽ ሲፈጅ፣ የሌላው ቀን አንድ መስመር ሲሆን፣ ማንም አይቆጣሽም።

መስመሩ ሰፋ ይበል፣ 7 ወይም 8 ሚሊ ሜትር። የላቲን ትንንሽ ፊደላት ግማሹን ቦታ ባዶ ይተዋሉ፣ የእኛ ግን አብዛኞቹ ከላይ እስከ ታች ሞልተው ነው የሚቆሙት። 6 ሚሊ ሜትር ላይ ይጨናነቃሉ። ላስቲክ ማሰሪያ ያለው ካገኘሽም ያዢው፣ በረንዳ ላይ የምትጽፊ ከሆነ የአዳማን ነፋስ ታውቂዋለሽ።

ጥያቄ፦ የሞላ ማስታወሻ ደብተሬን ለቆራሌው ልስጠው? እሱም ተመልሶ ወረቀት ይሁን ብዬ ነው።

መልስ፦ ሐሳብሽ ጥሩ ነው፣ ግን ቆራሌው ከወሰደው በኋላ የት እንደሚደርስ አንቺም እሱም አታውቁም። ወደ ፋብሪካ ሊሄድ ይችላል። ሱቅ ደርሶ የኦቾሎኒና የቆሎ መጠቅለያ ሊሆንም ይችላል፣ እና ስለ አማትሽ የጻፍሽውን ገጽ የሰፈር ልጅ ኦቾሎኒ እየበላ ሲያነበው ማሰብ ነው።

ስለዚህ ምስጢር ያለበትን ለይተሽ ቅደጂ። በጣም አታድቅቂው፣ የደቀቀ ወረቀት ጭረቱ ስለሚያጥር ለሪሳይክል ብዙም አይፈለግም። ባልዲ ውስጥ አንድ ሌሊት ዘፍዝፈሽ በእጅሽ ብታሺው ይበጠበጣል፣ የሚነበብ ነገር አይቀርም። ጨምቀሽ አድርቂውና ከሌላው ወረቀት ጋር ይሂድ። ስፓይራሉንና ፕላስቲክ ሽፋኑን ለብቻ ንቀዪ፣ ቆራሌው ብረቱንም ይወስደዋል። ደብተሩ ውስጥ የምትወጂው ገጽ ካለ ደግሞ ከመዘፍዘፍሽ በፊት አውጪው፣ በኋላ "ያቺ ገጽ የታለች" ብትዪ መልስ የለንም።